ከፌስቡክ ጓዝን ይዞ መውጣት

ከፌስቡክ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ተናዶ ነው። ሌሊት ላይ የኮሜንት ጭቅጭቅ ያንገሸግሸዋል፤ «አካውንት ሰርዝ» የምትለውን ቁልፍ በርብሮ ያገኛታል፤ ይጫናትና እፎይ ብሎ ይተኛል። ወራት ቆይቶ፣ ከ10 ዓመት በፊት ስለ አንድ የአራት ኪሎ ሻይ ቤት የጻፈው ነገር ትዝ ይለዋል። ጽሑፏ ሁለት አንቀጽ ብትሆን ነው፤ ከሥሯ ግን ሰው ተሰብስቦ የባለቤቱን ጠባይ፣ የስልሱን ዋጋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ሳይቀር አሟልቶባት ነበር። አሁን የለችም። ሄዶ የሚጠየቅ ሰውም የለም።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ናፍቆት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩበት። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ሲፈርሱ፣ ስለ ግቢዎቹ፣ ስለ ፎቶ ቤቶቹና ስለ ልብስ ሰፊዎቹ ከተጻፈው ብዙው በጋዜጣም በመጽሐፍም አልታተመም። ያለው ሰዎች ፌስቡክ ላይ በለጠፉትና በቴሌግራም ቻናሎች ውስጥ ነው። ቤቱ ፈርሷል፣ ወሬው ደግሞ የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ለመውጣት የቆረጠን ሰው ተው አልልም፤ እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ማውጣት፣ ቀጥሎ አዲስ ቦታ፣ ማለትም በራስ ብሎግ ላይ ማስቀመጥ፣ መዝጋት በመጨረሻ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰ ሰው የሚለቅመው የለውም።

ፌስቡክ አንድ ሰው የጻፈውን በጥቅል ያስወጣል። በሴቲንግ ውስጥ ካለው የአካውንት ማዕከል የግል መረጃና ፈቃድን የሚመለከተውን ክፍል ከፍቶ መረጃ ማውረጃውን መምረጥ ነው። ሜኑው በአማርኛ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ሥራውን ያቀልላል፤ ትርጉሙ አንዳንድ ቦታ ግራ ያጋባል። ሦስት ጥያቄ ይመጣል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ከመነሻው እስከ ዛሬ መሆኑን ሳያዩ ማለፍ አይገባም። ሁለተኛው የፎቶና የቪዲዮ ጥራት ነው፤ «ከፍተኛ» ይሁን። ሦስተኛው የፋይሉ ዓይነት ነው፤ ኤችቲኤምኤል ወይስ ጄሶን? መልሱ ሁለቱም ነው፤ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነው። ኤችቲኤምኤሉ በብራውዘር ተከፍቶ እንደ አልበም ይነበባል። ጄሶኑ ለዓይን አይመችም፤ ጽሑፎቹን ወደ ብሎግ ለማዛወር ግን የሚያገለግለው እሱ ነው።

ጥቅሉ እስኪዘጋጅ ከሰዓታት እስከ ቀናት ይፈጃል። ሲደርስ ለማውረድ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ «ቅዳሜ አወርደዋለሁ» ማለት አያዋጣም። የብዙ ዓመት ፎቶና ቪዲዮ ያለው አካውንት ጥቂት ጊጋባይት ይሆንና ቁጥር በተሰጣቸው ብዙ ዚፕ ፋይሎች ተከፍሎ ይመጣል። በሞባይል ፓኬጅ ማውረድ ብር ማቃጠል ነው፤ የቤት ዋይፋይ ያለው ዘመድ ዘንድ ላፕቶፕ ይዞ ማደር ይሻላል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ዚፑ ሳያልቅ ያለቀ መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዚፕ በተራ መክፈት፣ ከየዓመቱ አንድ ጽሑፍና አንድ ፎቶ መርጦ ማየት ያስፈልጋል። የማይከፈት ዚፕ የተገኘው አካውንቱ ከተሰረዘ በኋላ ከሆነ ነገሩ አልቋል።

ጥቅሉ የማያመጣውም ነገር አለ። ሌላው ሰው ከጽሑፉ ሥር የጻፈውን ኮሜንት አያመጣም፤ የሚያመጣው ባለቤቱ ራሱ የጻፈውን ነው። በአማርኛው ፌስቡክ ደግሞ የጽሑፉ ግማሽ ያለው ከሥር ነው። የሻይ ቤቷ ጽሑፍ ያለ ኮሜንቶቿ ሁለት ደረቅ አንቀጽ ናት። መፍትሔው የእጅ ሥራ ነው። ዋጋ ያላቸውን 20 ወይም 30 ጽሑፎች መምረጥ፣ በኮምፒውተር ብራውዘር መክፈት፣ «ተጨማሪ ኮሜንቶች» የሚለውን እስኪያልቅ መጫን፣ ከዚያ ፕሪንት ብሎ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ። ቁጭ ብሎ ለሚሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሌላውን ሰው ኮሜንት ብሎግ ላይ መልሶ ለማውጣት ግን ባለቤቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ለራስ ማስቀመጥና ማሳተም የተለያዩ ናቸው።

ፎቶዎቹም ሲወጡ ባዷቸውን ናቸው። ፌስቡክ ፎቶ ሲሰቀል በካሜራው የተመዘገበውን ቀንና ቦታ ይገፈዋል፤ የፋይሉም ስም ረጅም ቁጥር ይሆናል። ከፎቶው ሥር የተጻፈው መግለጫ የሚገኘው በሌላ ፋይል ውስጥ ነው። የፈረሰ ቤት ፎቶ ያለ ቀንና ያለ ቦታ ማንኛውም ግድግዳ ስለሆነ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ ፎቶውን በሰፈሩና በዓመቱ ስም መሰየም ይበጃል። ዋናው ፎቶ በአሮጌ ስልክ ወይም በፍላሽ ላይ ካለ ደግሞ የፌስቡኩ ቅጂ ምትክ ሊሆነው አይችልም።

አሁን ወደ ፊደሉ። ጄሶኑን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ አማርኛ የሚባል ነገር አይታይም። የሚታየው ቁጥርና የላቲን ፊደል የተቀላቀለበት ምልክት፣ ወይም ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ነው። ጽሑፉ አልጠፋም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ፌስቡክ ሲያስወጣው ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የተለያዩ የላቲን ፊደላት አድርጎ ይጽፋቸዋል። የመሠረታዊው ፊደል ሰንጠረዥ የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው ያቺ ባለጭረት «ኤ» የምትደጋገመው። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ጉድለት የሚታየው በኢሞጂና በጥቂት ምልክቶች ላይ ብቻ ነው። ለእኛ ሙሉው ጽሑፍ ነው።

ማስተካከያው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት መስመር ነው። ጄሶኑ ከተነበበ በኋላ እያንዳንዱን ጽሑፍ ላቲን-1 በሚባለው የቆየ የላቲን ፊደል ሰንጠረዥ ወደ ባይት መመለስ፣ ባይቱን በዩቲኤፍ-8 ማንበብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በላቲን-1 ፈንታ ዊንዶውስ-1252 የሚባለውን ሲጠቀም ነው፤ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ አንድ ይመስላሉ። ዊንዶውስ-1252 ግን የግዕዝ ፊደል ሁለተኛ ባይት የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ለሌሎች ምልክቶች ስለሰጠ ወይም ባዶ ስለተዋቸው የትኛውም የግዕዝ ፊደል አይመለስም።  አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ የተስተካከለን ጽሑፍ በስሕተት ሁለተኛ ጊዜ ለማስተካከል ቢሞከር ፕሮግራሙ ስሕተት ብሎ ይቆማል፤ የግዕዝ ፊደል ላቲን-1 ውስጥ ቦታ ስለሌለው። ዝም ብሎ አያበላሽም።

የተሰበረ አማርኛ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ስብራት አይደለም። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ባለጭረት የላቲን ፊደላት ከታዩ ጽሑፉ አለ፣ የተነበበው በተሳሳተ መንገድ ነው፤ ይድናል። በየፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን አይድንም፤ ግዕዝን በማያውቅ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ፊደሉ ተጥሎ በቦታው የጥያቄ ምልክት ተተክቷል፤ ያለው ተስፋ ሌላ ቅጂ መፈለግ ነው። ይህ ችግር አማርኛ ታስቦበት ያልተከፈተ አሮጌ ወርድፕረስ (የብሎግ ማሠሪያ ፕሮግራም) ላይ ያጋጥማል። አራተኛም አለ፤ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች የተተየቡ የወርድ ፋይሎች። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተተየበው በላቲን ፊደል ላይ የግዕዝ መልክ አልብሶ ነው። ፎንቱ ሲነሳ ትርጉም የለሽ የላቲን ኮተት ይቀራል። እሱን የሚመልሰው ለዚያው ፎንት የተሠራ መለወጫ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚነግረው መረጃ እንዳይጠፋ ከወርድ ገልብጦ ሌላ ቦታ ከመለጠፍ በፊት ዋናውን ፋይል እንዳለ ማኖር ግድ ነው።

ቴሌግራም በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ስልኩ ላይ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ቴሌግራም ቻናሉን ከፍቶ፣ ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ የንግግር ታሪክ ማውጫውን መምረጥ ነው፤ ፊደሉ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ያደናግራል፤ በጽሑፉ መሀል ደመቅ የተደረገ ቃል ወይም ሊንክ ካለ ጄሶኑ አንቀጹን ቆራርጦ ይሰጣል። መልሶ ያልገጠመው ሰው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይቀራል።

ቀጥሎ አድራሻ ነው። ብዙ ሰው የራሱን ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ ስም፣ ሲገዛ ርስት የገዛ ይመስለዋል። ዶሜይን ሊዝ ነው። በዓመት ይከፈላል፣ ካልተከፈለ ይነጠቃል። በ«ዶት ኮም» የሚያልቅ ስም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 12 ዶላር በባንክ ምንዛሬ 700 ብር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ዶላሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ 1,200 ብርን አልፏል። በኢትዮጵያ ስም፣ በ«ዶት ኢቲ»፣ የሚያልቀው አድራሻ የሚተዳደረው በኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው በብር ከሚሸጡ የአገር ውስጥ ሻጮች ይገዛል፤ ክፉ ነገር የለውም፣ አንዲት ነገር ካልተዘነጋች። ሻጩ ስሙን በራሱ ድርጅት ስም አስመዝግቦ ከሆነ ሊዙ የሻጩ ነው። ከተከፈለ በኋላ ሁ-ኢዝ የሚባለውን መዝገብ ከፍቶ፣ ወይም መዝገቡ ስም ከሸፈነ የዶሜይኑን መቆጣጠሪያ ገጽ በራስ ኢሜይልና በራስ ፓስወርድ ጠይቆ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «እኛ እናስተዳድርልዎታለን» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

ስሙ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ በሌባ ሳይሆን በዝምታ ነው። በየዓመቱ ራሱ እንዲታደስ የታዘዘው ካርድ ውስጥ ዶላር የለም፤ የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ደግሞ ማንም ወደማይከፍተው አሮጌ አድራሻ ይሄዳል። ጊዜው ያለፈ «ዶት ኮም» ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የመቤዣ ጊዜ አለው፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው በብዙ ይበልጣል፤ ከዚያ 5 ቀን ተቀምጦ ለማንም ክፍት ይሆናል። እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ መክፈል ስለሚቻል፣ ዶላር በተገኘ ቀን የአምስት ዓመቱን መክፈል እኔን ያሳምነኛል።

ቤቱ የት ይሠራ የሚለው ብዙ ያጨቃጭቃል፤ እኔ ግን ቶሎ አልፈዋለሁ። ከፋይል ጋር መታገል የማይፈልግ ሰው ብሎገር ላይ ከፍቶ የራሱን ዶሜይን ያገናኝ፤ ነጻ ነው፣ ነገር ግን የጉግል አካውንቱ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወርድፕረስ ሁሉን ይችላል፤ በየጊዜው ካልታደሰ ግን በአሮጌ ፕለጊን (በተጨመረበት መሣሪያ) በኩል ይሰበራል፣ በወር አንድ ጊዜ ለሚጽፍ ሰው ከጽሑፉ ይልቅ ጥገናው ይበዛል። እኔ የምወደው ጽሑፉ በተራ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጦ፣ እንደ ሁጎ ባለ ፕሮግራም ወደ ገጽ ተለውጦ፣ እንደ ጊትሃብ ባለ ቦታ በነጻ የሚታይበትን መንገድ ነው። ጊትሃብ ለአንድ ገጽ እስከ 1 ጊጋባይት ይፈቅዳል፤ ጽሑፍ ብቻ ለሚጽፍ ዕድሜ ልኩን አይሞላም። ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋም፣ ኔት ሲቋረጥም ሙሉው ብሎግ ላፕቶፑ ውስጥ አለ።

የአማርኛ ብሎግ የሚሰናከልባቸው ነገሮች የትም መመሪያ ላይ አይጻፉም። የመጀመሪያው ቀን ነው። አንዳንዱ ማሽኑ ቀን ሲጠይቀው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞላል፤ ማሽኑ ይህን እንደ ፈረንጅ ዓመት ይወስደውና ትኩሱን ጽሑፍ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ከተጻፉት ጋር ከታች ይቀብረዋል። ለማሽኑ የፈረንጁን መስጠት፣ ለአንባቢው የእኛን ማሳየት ነው። ብራውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃሉ፤ ቋንቋው አማርኛ መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም፣ አቆጣጠሩን ለይቶ ማዘዝ ይጠይቃል። ሰዓቱም ያሳስታል። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲወጣ የተፈለገ ጽሑፍ የሰዓት ቀጠናው ሳይጠቀስ በፈረንጅ አቆጣጠር «8» ተብሎ ከተሞላ፣ ሁጎ የወደፊት ጽሑፍ ነው ብሎ ይደብቀዋል፤ ጽሑፉ የሚታየው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ያውም ገጹ እንደገና ከተገነባ ነው። «ጽሑፌ ጠፋ» ከሚሉት ውስጥ የስንቱ ነገር ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሊንክ ነው። ርእሱ በግዕዝ ፊደል ሆኖ አድራሻው ውስጥ ከገባ፣ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። 20 ፊደል ያለው ርእስ 180 ምልክት ሆኖ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ቫይረስ ይመስላል፤ ሰውም አይነካውም። አድራሻውን በአጭር የላቲን ቃል ማድረግ ክብር አይቀንስም። ሦስተኛው ነጥብ ነው፤ አራት ነጥብን በአንድ ምልክት መጻፍ ሲገባ ሁለት ሁለት ነጥብ የሚደረድር ብዙ ነው። ለዓይን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለማሽን ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ከነጥቡ በፊት ክፍተት ማስገባት ደግሞ ነጥቡን ብቻውን በቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይጥለዋል፤ በስልክ ጠባብ ገጽ ላይ ይህ በየአንቀጹ ይታያል።

ፍለጋው የባሰ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ተመሳሳይ ድምፅ ባላቸው ፊደላት ብቻ 12 ዓይነት ይጻፋል። አንባቢው በአንዱ ሲፈልግ በሌላው የተጻፈውን አያገኝም። ብሎጉ የራሱ መፈለጊያ ካለው፣ በመፈለጊያው መዝገብ ውስጥም በአንባቢው ጥያቄም ላይ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ማጠፍ ነው፤ «ሃ» እና «ኣ»ም ሳይረሱ። ይህ የሚደረገው በመዝገቡ ውስጥ ብቻ ነው። ጽሑፉን ራሱን እንዲህ የሚያጥብ ሰው ፀሐይ ሠረቀች ብሎ የጻፈውን ፀሐይን ሌባ አድርጎ ያገኘዋል።

ፎንት መጫን አያስፈልግም ባይ ነኝ። ስልኩ የራሱ የግዕዝ ፎንት አለው። 2,500 ቃል ያለው አማርኛ ጽሑፍ 35 ኪሎባይት አካባቢ ነው፤ ለማማር ተብሎ የሚጨመር ሙሉ የግዕዝ ፎንት ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ራሱ ይከብዳል። በፎንት ፈንታ የመስመሩን ክፍተት ማስፋት፣ ከፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ ቢሆን ዓይን ያርፋል፤ ፊደላችን ቁመቱ እኩል ስለሆነ መስመሩ ሲጠባበቅ ግድግዳ ይመስላል። ማዘንበል አያምርበትም፤ ለማጉላት ደመቅ ማድረግ ይበቃል። ፎቶ ከስልክ እንዳለ ሲሰቀል 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ ያ ከ100 በላይ ጽሑፍ ነው፣ የሚከፍለውም በቀን ፓኬጅ የሚያነበው ሰው ነው። ስፋቱን 1,200 ፒክስል፣ የጄፔግ ጥራቱን 75 አድርጎ ማሳነስ ወደ 200 ኪሎባይት ገደማ ያወርደዋል።

ከዚያ አንባቢው እንዴት ይምጣ? አርኤስኤስ (አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ለአንባቢው መተግበሪያ የሚያሳውቅ ፋይል) መኖር አለበት፣ በአዲስ አበባ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ሰው ነው። ኢሜይል ከቢሮ ውጭ የሚከፍት ብዙ የለም፤ የአንባቢ ዝርዝር መሰብሰብም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ኃላፊነት ያመጣል። ሰው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ከማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ በቴሌግራም መጥራት ግብዝነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ቻናሉን እንደ እድር ጡሩምባ አየዋለሁ። ጡሩምባው ይጠራል እንጂ ድንኳኑ ጡሩምባው ውስጥ አይተከልም። ቻናሉ ላይ የመጀመሪያው አንቀጽና ሊንኩ ብቻ ይውጣ፤ ኮሜንት ይዘጋ። ከሊንኩ ሥር የሚመጣው ሥዕልና ርእስ የሚነበበው ከገጹ ድብቅ መግለጫ ነው፤ ሥዕሉ 1,200 በ630 ፒክስል ቢሆን ይመረጣል። ርእሱ ከተለጠፈ በኋላ ቢታረም ቴሌግራም አሮጌውን ያስታውሳል፤ ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ሊንኩን ሲልኩለት ያድሰዋል።

ጡሩምባን ካነሣን አይቀር፣ ሰዎች መውጣት የሚያቅታቸው ሱስ ስላለባቸው ብቻ አይደለም። ለቅሶው፣ የኮንዶሚኒየሙ የውኃ ፓምፕ መዋጮ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሁሉ ግሩፕ ውስጥ ነው። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው «ፌስቡክ ዘግቼ» ቢል ማን ይሰማዋል? ከመውጣት በፊት ለእድሩ ጸሐፊና ለሁለት ጎረቤት ስልክ ሰጥቶ «ደውሉልኝ» ማለት፣ ከሜሴንጀር በቀር ሌላ መገናኛ የሌላቸውን ዘመዶች ስልክ ወረቀት ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤቶችን የቴሌግራም ማስታወቂያ ለማየት ግን አካውንት ግድ አይደለም፤ ክፍት ቻናል ከሆነ በአድራሻው ውስጥ ከቻናሉ ስም በፊት የላቲኗን «ኤስ» በሁለት ስላሽ መሀል ማስገባት ብቻ ነው፤ በብራውዘር ይነበባል።

የራስ ብሎግ ነጻነት ያመጣል የሚለውን ወሬ በልኩ መያዝ ይበጃል። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ጀምሮ እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ሲሉ፣ የራሱ አድራሻ የነበረው ሰው ጽሑፉ ይነበብለት ነበር። በተቃራኒው በሰኔ 2010 ከእገዳ ተለቀቁ የተባሉት 264 ድረ ገጾች ነበሩ፤ በ2004 የተጀመረው የዞን 9 ብሎግም ብዙ ሳይቆይ አገር ውስጥ እንዳይታይ ተደርጎ ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔቱ በጠቅላላ ሲጠፋ ደግሞ የራስ አድራሻም የሰው አድራሻም እኩል ሆነ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በበኩሉ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት የተሠራጨን ሐሰተኛ መረጃ በከበደ ቅጣት ለይቶ ያያል፤ ወደ ራስ ገጽ መዛወር ግን ከአዋጁ አያወጣም። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ቅጂ ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም፤ መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ አልከፍት የሚለው ብዙ ነው።

አሁን የመዝጊያው ቀን። ከዚያ በፊት አንድ ወር ሙሉ አዲሱ አድራሻ ፌስቡኩ አናት ላይ ተሰክቶ ይቆይ። በፌስቡክ አካውንት የሚከፈቱ ሌሎች አፖች ካሉ ወደ ኢሜይል ወይም ወደ ስልክ ቁጥር ይዛወሩ፤ አለዚያ አብረው ይቆለፋሉ። የድርጅት ወይም የማኅበር ፔጅ ብቸኛ አድሚን የሆነ ሰው ሌላ አድሚን ሳይሾም ከሰረዘ ፔጁን ይዞት ይሄዳል። የቴሌግራም ቻናል ለሌላ የሚያስረክብ ደግሞ ከስልኩ ኮድ በተጨማሪ የሚጠየቀውን ሁለተኛ ፓስወርድ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ማብራት ስላለበት በመጨረሻው ቀን አይሞክረው። «ማቦዘን» እና «መሰረዝ» የተለያዩ ናቸው፤ የቦዘነ አካውንት ሜሴንጀሩ ሊሠራ ይችላል፣ ጽሑፉም ፌስቡክ ዘንድ ነው። የተሰረዘው ሲጠፋም ለሌላ ሰው የተላከ መልእክት በተቀባዩ ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ከተሰረዘ በኋላ ሐሳብ ለመለወጥ 30 ቀን ይሰጣል፤ ከሰርቨሮቹ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ደግሞ እስከ 90 ቀን ሊፈጅ ይችላል። በእኛ ካላንደር 30ዋን ቀን መቁጠር ቀላል ነው፤ ጥቅምት 5 የተጫነ ኅዳር 5 ላይ ይሞላል። ጳጉሜን ካለችበት ብቻ መጠንቀቅ ነው፤ ነሐሴ 10 የጫነ ሰው ቀኑ የሚሞላው መስከረም 10 ሳይሆን መስከረም 5 ነው፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 4።